ከቁልፍ እስከ ቁልፍ

ታኬጂ የሚስቱን ወንድም እንደ ማገዶ አዝሎ ዳገቱን ሲወጣ፣ ከኋላ የምትከተለው ሚስቱ ቶሜ የምታየው ሁለት እግር ብቻ ነበር። ከመሸከሚያው እንጨት ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉት እነዚያ እግሮች በስድስት ዓመት ውስጥ ቀጥነው የሕፃን እግር አክለዋል። አዲስ የገለባ ጫማ አጥልቀዋል። ጫማውን ጠዋት ያሰረችለት ራሷ ናት፤ እስካሁን መሬት ስላልነካ ንጹሕ እንደሆነ ነው።

«ቀስ በል እንጂ! ሰው እኮ ነው የተሸከምከው፤ ዕቃ አይደለም» አለች።

«ዕቃማ ቢሆን አውርጄው አርፍ ነበር» አለ ታኬጂ እያለከለከ። «ደግሞ ዕቃ ጆሮዬ ሥር አያንጎራጉርም።»

«አላንጎራጎርኩም፤ እየቆጠርኩ ነው» አለ ኢሳኩ ከጀርባው ላይ።

«ምኑን?»

«ዝግባውን። ወደ ሰሜን የቆሙትን ብቻ።»

ከሁሉም ኋላ ፖሊሱ ሙራኪ ይመጣል። ጎራዴው በየድንጋዩ ይንኳኳል፣ ቦት ጫማው ተረከዙን በልቶታል፣ በየመቶ እርምጃው ደግሞ የደረት ሰዓቱን አውጥቶ ያያል። «ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት» ይላል ለማንም ሳይሆን። «ፀሐይ ሳትጠልቅ። ወረቀቱ የሚለው እንደዚያ ነው።»

ወረቀቱ የሚለውን ቶሜ በቃሏ ታውቀዋለች። አእምሮውን የታመመ ሰው በዘመዱ ቤት፣ በፖሊስ ፈቃድ፣ በተቆለፈ ክፍል ይቀመጣል። ዘመዱ ከሞተ ጥበቃው ወደሚቀጥለው ዘመድ ይተላለፋል፤ በሽተኛው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚዛወረውም በአንድ ቀን ውስጥ፣ በፖሊስ አጀብ ነው። አባቷ ሞተው ገና የሐዘን አርባ ዘጠኝ ቀናቸው አልወጣም። ሂራኩቦ ያለው የአባቷ ቤት ተዘግቷል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሙራኪ የድሮውን ቁልፍ ፈታ፤ ሳይመሽ በናራዮ፣ በታኬጂ ቤት፣ አዲሱን ይቆልፋል። ታኬጂ እምቢ ቢል ደግሞ የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ከጀርባው የዕቃ ማስቀመጫ ጎተራ አለው፤ እዚያ የሚቆለፍበት በር የለም፣ ሰንሰለት ነው ያለው።

ቶሜ ስለዚህ ነው እሺ ያለችው። እሺ ብላ ግን እንቅልፍ ካጣች ሳምንት ሆናት። በየሌሊቱ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ባሏን ትቀሰቅሳለች፤ ሲነቃ የምትለው ይጠፋታል።

ከተራራው ጫፍ ሲደርሱ ታኬጂ መሸከሚያውን በድንጋይ ላይ አሳርፎ ትከሻውን ከገመዱ አወጣ። ኢሳኩ ወደ ላይ አንጋጠጠና ወዲያው ዓይኑን ጨፈነ።

«ቶሜ፣ የራስ ጨርቅሽን ስጪኝ።»

«በረደህ ጋሼ?»

«አይ። ሰማዩ ሰፋብኝ።»

ጨርቋን ፈትታ ዓይኑ ላይ ጣል አደረገችለት። ከዚያ የሩዙን ድቡልቡል በእጁ አስያዘችው። በመሃሉ በጨው የኖረ ፕሪም አለበት፤ ልጅ ሳሉ እሱ ፕሪሙን እየፈለፈለ ለእሷ ነበር የሚሰጣት። አሁን ፍሬውን በአፉ ይዞ ሳያኝክ ቆየ። ጢሙን ጠዋት ተላጭቷል፤ ቆዳው የሐር ትል ይመስላል፤ ነጭ ሆኖ ውስጡ የሚታይ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።

ሙራኪ አንዱን ቦት አውልቆ ተረከዙን እያሻሸ፣ «አያቴ ለጌቶች ዘብ ነበሩ» አለ። «በሳቸው ጊዜም ነበር ይሄ ክፍል። ያን ጊዜ ፈቃዱን የሚሰጠው ጌታው ነው፤ ዛሬ እኛ ነን። ቶኪዮ ደግሞ ትልቅ ሆስፒታል አለ አሉ፤ ወፍራም በር ያለው። ለሕክምና ነው ይሉታል እዚያ።»

«ይድናሉ?» አለች ቶሜ።

«እኔ ምን አውቃለሁ እመቤት? እኔ የማውቀው የመንገዱን ርዝመት ነው።» ቦቱን እያጠለቀ ተቃሰተ። «በሁለቱ ቁልፍ መሃል ይሄ ሰው የእኔ አንገት ላይ ነው። ቢጠፋ ቢወድቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እና እባካችሁ ብሉና እንሂድ።»

«በየትኛው እግሩ ነው የሚጠፋው?» አለ ታኬጂ።

ኢሳኩ ከጨርቁ ሥር ሳቀ። የድሮ ሳቁ ነበር፤ የአናጢ ሳቅ፣ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ታች ላለ ሰው የሚጣል ዓይነት። ቶሜ ወደ መጡበት መንገድ ዞራ አየች። ለምን አሁን አይመለሱም? ለምን ወደ ማዶው፣ ማንም ወደማያውቃቸው አገር አይወርዱም? ልጇን አስባ፣ የባሏን መሬት አስባ፣ ድቡልቡሉን ሳትበላ መልሳ ጠቀለለችው።

*

የናራዮ ሰው ስለ ኢሳኩ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የሂራኩቦው ሹም አዲስ ቤት ሠርቶ፣ የአገር ሽማግሌ ሁሉ ተሰብስቦ ሲመርቀው፣ የዋናው አናጢ ልጅ ኢሳኩ መጥረቢያ አነሳና የሳሎኑን ምሰሶ መቁረጥ ጀመረ። «በጭንቅላቱ ቆሟል! እያለቀሰ ነው፣ አይሰማችሁም?» እያለ። ሊይዘው የገባው የሹሙ ወንድም ሁለት ጣት አጣ። ከዚያ በፊት ኢሳኩ ለአንድ ወር ያህል አልተኛም ነበር፤ ከእንጨት ጋር ያወራል፣ እህል አይቀምስም። በዚያ ጉባኤ መሃል ግን ማንም አፉን ሳይከፍት አባታቸው ወለሉ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው፣ «ልጄ አብዷል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። ሐኪም ከከተማ መጣ፣ ማኅተም ተመታ። የሚቆለፍበትን ማቆያ በገዛ እጃቸው የሠሩት አባትየው ናቸው። አንድ ምስማር ሳይጠቀሙ፣ በሽብልቅና በመገጣጠሚያ ብቻ። ሊያዩት የመጡ ሁሉ ሥራውን አድንቀው ነበር የሚሄዱት።

ናራዮ ሲደርሱ ፀሐይ ከማዶው ተራራ በላይ ሁለት ክንድ ያህል ቀርቷት ነበር። በየቤቱ ክፈፍ ሥር የተላጠ ቀይ የካኪ ፍሬ እንዲደርቅ በገመድ ተሰቅሏል። ከየበሩ የሚያዩ ነበሩ፤ ታኬጂ ሲያልፍ ግን በሩ ገርበብ ይላል። የታኬጂ እናት ሳዋ ደጅ ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። የቶሜን ልጅ፣ የስምንት ወሯን ኪዮን፣ ከጠዋት ጀምሮ ለጎረቤት ሰጥተዋታል።

«ደህና ገባችሁ» አሉ ሳዋ። ጎንበስ ብለው ለፖሊሱ እጅ ነሱ፤ ለኢሳኩም ነሱ፣ ግን ዓይናቸውን ሌላ ቦታ ጥለው። «ጓዳው ዝግጁ ነው።»

ጓዳው ይሉታል። ማቆያ የሚለውን ቃል አፋቸው አይደፍረውም። የሐር ትል ማርቢያ በነበረው ቤት ጥግ፣ በአዲስ የጥድ እንጨት ታጥሮ የተሠራ ነው፤ ወለሉ ሁለት ምንጣፍ ያስነጥፋል፣ በፊት ለፊት በኩል ከሰው ክንድ የወፈሩ ዘጠኝ ምሰሶዎች ተደርድረዋል፣ ታች የምግብ ቀዳዳ፣ ጥግ ላይ የመፀዳጃ ቀዳዳ። የሠራው አናጢ ዮሺዞ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ጠበቃቸው። የእነ ቶሜ አባት የመጨረሻ ተማሪ ነበር፤ ኢሳኩ ሲታሰር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ፣ ዛሬ ባለሙያ። አፉ የሩዝ አረቄ ይሸታል፤ ትንሽ ብቻ።

«ጋሼ ኢሳኩ» አለና ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፋ።

ሙራኪ ጊዜ አላጠፋም። መለኪያውን ዘረጋና ቁመቱን፣ ወርዱን፣ የበሩን ስፋት ለካ፤ እየለካም ከወረቀቱ ጋር አስተያየ። «ትክክል። ትክክል። ይሄም ትክክል። ጎበዝ አናጢ ነህ። በል ታኬጂ፣ አውርደው።»

ታኬጂ ኢሳኩን ከመሸከሚያው ፈትቶ በማቆያው ደፍ ላይ አስቀመጠው። ቶሜ ጨርቁን ከዓይኑ ላይ አነሳችለት። ኢሳኩ የአዲስ ጥድ ሽታ ሲነካው አፍንጫው ተነፋ። በክንዶቹ እየተሳበ ወደ ፊት ሄደ። ሳዋ «ይኸው፣ ራሱ እየገባ ነው» ብለው ተነፈሱ። እሱ ግን ወደ በሩ አልነበረም የሚሄደው። መዳፉን ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው እያሳለፈ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው እየዳሰሰ ሄደ። ከበሩ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ተገታ። ጆሮውን ለጠፈበት።

ቶሜ ገና ሳይናገር አወቀች። አፉን በእጇ ልትይዘው ፈለገች።

«ይሄ በጭንቅላቱ ቆሟል» አለ ኢሳኩ።

ሙራኪ መለኪያውን መጠቅለሉን ተወ። ያን ጊዜም እሱ ነበር ኢሳኩን ያሰረው፤ ቃሉን በደንብ ያስታውሳል።

«መጣ እንግዲህ!» አሉ ሳዋ። «ቤቴ ከገባ ገና ሻይ አልፈላም፤ ይኸው! እናንተ ደግሞ ድኗል፣ ረግቷል ትሉኛላችሁ። ልጄን ልትፈጁት ነው? የልጅ ልጄን ይዛችሁብኝ...»

«እማዬ» አለ ታኬጂ።

«ምን እማዬ? አስገባው!»

ታኬጂ ኢሳኩን በብብቱ ያዘው። ኢሳኩ ምሰሶውን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ እነዚያ ክንዶች ጉልበት የሌላቸው ይመስሉ ነበር፣ ሊያላቅቀው ግን አልቻለም። «እዚህ ውስጥ አልተኛም! ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል! ገልብጡት፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ገልብጡትና ቆልፉብኝ!» ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ሙራኪ ጎራዴውን ወደ ጎን ገፍቶ ታኬጂን ሊረዳ ጎንበስ አለ።

ቶሜ ግን ወንድሟን አይደለም የምታየው። ዮሺዞን ነው። ግንባሩ አሁንም ምንጣፉ ላይ ነው፤ ጆሮው ግን እንደ ካኪ ፍሬ ቀልቷል።

«ዮሺዞ» አለች። «ቀና በል እስቲ።»

አልቀናም።

«ቀና በል ስልህ! ለምንድን ነው የማታየኝ?»

«እህቴ፣ እሱ እኮ... የታመመ ሰው የሚለውን...»

«ዓይኖቹን እዩዋቸው!» ብሎ ኢሳኩ ጮኸ። ጣቱ ከምሰሶው ላይ ያለ ጠቆር ያለ ነጥብ ላይ ነበር፣ ድሮ ቅርንጫፍ የወጣበት። «ቅርንጫፍ ወደ ላይ ነው የሚበቅለው። ልቡ ወደ ላይ ነው የሚያጋድለው። እዚያኛው ምሰሶ ላይ እይ፣ ወደ ላይ። እዚያም ወደ ላይ። ይሄኛው? ሦስቱም ዓይን ወደ ታች! ሥሩ ጣሪያ ላይ ነው ያለው! ተገልብጦ ታስሯል!»

ሙራኪ ቀስ ብሎ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። አንዱን ምሰሶ አየ። ቀጥሎ ያለውን አየ። ወደ ሦስተኛው ሲመለስ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፣ እንደሚቆጥር ሰው። «እውነቱን ነው» አለ በመጨረሻ፣ ራሱን ጭምር እየታዘበ። «ይሄኛው ወደ ታች ነው የሚያየው።»

ታኬጂ ኢሳኩን ለቀቀው።

«ተሳስተህ ነው?» አለች ቶሜ ዮሺዞን። የምትጠይቀው እንደ መልካም ዕድል ነበር፤ ስህተት ቢሆን ደስ ባላት።

ዮሺዞ ቀና አለ። ዓይኑ ርጥብ ነው። «አልተሳሳትኩም። ሆን ብዬ ነው። የሙያው ነው። ጌታዬ፣ አባታችሁ፣ ነገሩኝ። ትልቅ ሥራ ሲሠራ አንድ ምሰሶ ይገለበጣል። ምክንያቱም ያለቀ ቤት፣ ካለቀበት ቀን ጀምሮ የቀረው መፍረስ ብቻ ነው። አንዷ ነገር ሳትጨረስ ትተዋለህ፤ ቤቱ ገና እየተሠራ ነው እንዲባል። ለባለቤቱ አይነገርም፤ የሰማ እንደሆነ ቤቴ ላይ መርገም ጣልክብኝ ይላል። ለሚተካህ ብቻ ትነግረዋለህ፤ መሣሪያህን በምታስረክብበት ቀን።»

«ለእኔ አልነገረኝም» አለ ኢሳኩ።

«መሣሪያውን ያስረከቡት ለእኔ ነው ጋሼ» አለ ዮሺዞ በሹክሹክታ። «አንተ ገብተህ ነበር።»

ቶሜ ተቀመጠች። ጥያቄው ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። «የሹሙ ቤትስ?»

ዮሺዞ እንደገና ወደ ምንጣፉ አጎነበሰ። ውጪ ዶሮ ይጭራል።

«የሹሙ ቤትስ አልኩህ!»

«እሳቸው ናቸው የገለበጡት። በእጃቸው።»

ቶሜ አባቷን አየቻቸው፣ በዚያ ጉባኤ መሃል በግንባራቸው ተደፍተው፣ ልጄ አብዷል ሲሉ። ልጃቸው እውነቱን መናገሩን ከሰው ሁሉ ያወቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። መናገር ግን አልቻሉም፤ ቢናገሩ ሹሙ ቤቱን ያፈርሳል፣ ሙያቸውም ስማቸውም አብሮ ይፈርሳል። ስድስት ዓመት ሙሉ በጠዋት ተነስተው የልጃቸውን የሩዝ ገንፎ በዚያች ቀዳዳ ያስገቡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። እንዴት አድርገው? ቀዳዳዋ ጋ ሲንበረከኩ ምን ይሉት ነበር? ቶሜ መቀመጥ አቃታት፤ ተነሳች፤ ወደ በሩ ሄደች፤ ተመለሰች።

«ታዲያ ይሄ ሰው በሽተኛ አይደለም ማለት ነው?» አለ ታኬጂ ወደ ፖሊሱ ዞሮ።

«እንደዚያ አልልም» አለ ሙራኪ። «ትክክል የተናገረ ሰውም መጥረቢያ ያነሳል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም።» ከዚያ ወረቀቱን አየና ፊቱን አጨማደደ። «ችግሩ ሌላ ነው። ወረቀቱ ጽኑና ጉድለት የሌለበት ክፍል ይላል። ጉድለት መኖሩን ካየሁ በኋላ አላየሁም ብዬ ማኅተም አላስመታም። ይስተካከል። አሁኑኑ።»

ዮሺዞ መሮውን አነሳ። ስለቱን ግን ከሽብልቁ ላይ ሁለት ጊዜ አሳተው፤ በአረቄው ይሁን በሌላ። ኢሳኩ እጁን ዘረጋለት።

«አምጣ።»

«ኧረ በቡድሃ!» አሉ ሳዋ። «ስለት ልትሰጡት ነው?»

ታኬጂ በደመ ነፍስ በእናቱ ፊት ቆመ። ሙራኪ እጁን ጎራዴው እጀታ ላይ አኖረ። ቶሜ ፈራች፤ ከልቧ ነው የፈራችው፤ የሹሙ ወንድም እጅ በዓይኗ ላይ መጣባት። መሮውን ከዮሺዞ እጅ ወስዳ፣ እጀታውን ወደ ወንድሟ አዙራ ሰጠችው።

ኢሳኩ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ደንዝዟል» አለ ለዮሺዞ። «አባቴ ቢያይህ በዚሁ ይመታህ ነበር።»

«በሱማ መትተውኛል» አለ ዮሺዞ፣ እያለቀሰ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቶሜ ኋላ ስታስታውሰው ድምፁ ነው የሚመጣባት። የእንጨት መዶሻው፣ ጠብ ጠብ፣ ሳይቸኩል። ኢሳኩ ቁጭ ብሎ ከታች ሽብልቁን አስለቀቀ፤ ዮሺዞ መሰላል ላይ ወጥቶ ከላይ፤ አንዱ ሲያዝ ሌላው ሲታዘዝ። «ወደ አንተ። ትንሽ። በቃ። አትግፋው፣ ራሱ ይምጣ።» የኢሳኩ እጅ መጀመሪያ ላይ ይስት ነበር፤ ከሦስተኛው ምት በኋላ መሳቱን ተወ። ምሰሶው እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀና ወጣ።

በቦታው ክፍተት ቀረ። ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ያህል። ሁሉም ክፍተቱን አዩት፤ ሙራኪም አየው፤ ኢሳኩ ደግሞ ከሁሉም አስቀድሞ። ለአፍታ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ስፋቱን በዓይኑ ለካ። ከዚያ ምሰሶውን ገልብጠው፣ ሥሩን ወደ መሬት አድርገው መለሱት። አዲሱን ሽብልቅ ራሱ ነው የጠረበው፤ ጫፉን በምራቁ አርሶ መታው። ሲጨርስ በመገጣጠሚያው የወረቀት ጠርዝ እንኳ አይገባም ነበር።

ዮሺዞ ከመሰላሉ አልወረደም። «አለቀ እኮ ጋሼ» አለ ከላይ። «እኔ ይሄን ነገር መጨረስ አልፈለግሁም ነበር።»

ኢሳኩ አልሰማውም። መሮውን ደፉ ላይ አስቀምጦ፣ በበሩ በኩል እየተሳበ ራሱ ገባ፤ ጆሮውን ምሰሶው ላይ ለጠፈ። ፊቱ ቀስ እያለ ፈታ።

«ዝም አለ» አለ። «ዝም ብሏል። ቶሜ፣ ነይ ስሚው።» ከዚያ ግንባሩ እንደገና ተቋጠረ፤ ዓይኑ ከጥግ ወደ ጥግ መሮጥ ጀመረ። «ያኛው ግን ቀርቷል። የሹሙ። ተራራውን አልፎ ይሰማኛል፤ አሁንም፤ አንቺ አይሰማሽም? ለአባባ ንገሪው፣ ዛሬውኑ ሄዶ ይገልብጠው። ዛሬ በይው። መንገዱን ያውቀዋል። ለአባባ ንገሪው።»

«ጋሼ፣ አባባ እኮ...» አለችና ተወችው። ጠዋት ነግራዋለች። ሁለት ጊዜ።

የሐር ትሉ ቤት ወለል ላይ የወደቀው ብርሃን ቀላ። ሙራኪ ሰዓቱን አውጥቶ አየ፤ አዲሱን የብረት ቁልፍም ከኮቱ ኪስ አወጣ። በዝግታ ነው የተናገረው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «እመቤት፣ አየሽው አይደል? ስለ እንጨቱ ልክ ነበር። ሌላው ግን ያው ነው። ታኬጂ፣ ማኅተምህን አዘጋጅ።» ከዚያ ወረቀቱን ከፍቶ ልማዱ እንደሆነው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «በሽተኛው ኢሳኩ፣ ዕድሜ ሠላሳ አራት፣ በተጠቀሰው ክፍል ውስጥ ብቻውን...»

«እንዴት?» አለች ቶሜ።

«ምን እንዴት?»

«የመጨረሻዋን ድገማት።»

«ብቻውን። አንድ ሰው። ፈቃዱ ለአንድ ሰው ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል መቆለፍ ክልክል ነው፤ ተገዳድለው ነበር አንድ ቦታ...»

ቶሜ ጫማዋን አውልቃ ደፉን ተሻግራ ገባች። ወንድሟ አጠገብ፣ አዲሱ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቁጠር» አለች።

«ውጪ እመቤት፣ አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም። ስንት ነን?»

«ቶሜ!» አለ ታኬጂ።

«ስንት ነን ነው የምለው!»

ሙራኪ ቁልፉን በእጁ ይዞ ቆመ። ሊጮህ አፉን ከፈተና ወረቀቱን አየ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት ያለውን ሲፈጽም የኖረ ሰው ነው። ገብቶ በክንዷ ሊጎትታት ይችላል፤ ነገር ግን እሷ በሽተኛ አይደለችም፣ እስረኛም አይደለችም፤ በባሏ ቤት የተቀመጠች ሚስት ናት። አሰበ። ከዚያ ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጣና በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቦቱን ማውለቅ ጀመረ።

«እሺ» አለ። «እኔ አልቸኩልም። አንቺም መውጣትሽ አይቀርም።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም። ከአጥሩ ማዶ የሕፃን ለቅሶ መጣ። ጎረቤቲቱ ኪዮን አቅፋ ከበሩ ቆማ፣ «ከቀትር ጀምሮ አልቀመሰችም፤ የሩዝ ውሃውንም ተፋችው» አለች። ልጅቱ አፏን ከፍታ፣ ፊቷ ጠቁሮ ታለቅሳለች። የቶሜ ጡት ከሩቅ ሰምቶ አጋተ፤ ልብሷ ራሰ። ተነሳች፤ ተቀመጠች። እዚህ አምጧት እንዳትል፣ ሳዋ ልጅቱን ተቀብለው ደረታቸው ላይ ጨምቀዋታል። ዓይናቸው ይናገራል፤ ሕይወቴ ካላለፈ በቀር ይቺ ልጅ ያን ደፍ አትሻገርም።

«ሂጂ» አለ ኢሳኩ። ለአንድ አፍታ ዓይኑ የተረጋጋ ነበር። «ልጅ እያለቀሰ ነው። ይሄ የእውነት ነው፤ ሁሉም ሰው ይሰማዋል።»

ሙራኪ ቁልፉን ከጉልበቱ ላይ አነሳ።

ያን ጊዜ ታኬጂ ተንቀሳቀሰ። ቀኑን ሙሉ ሰው ተሸክሞ የዋለ ትከሻው ተጣሞ፣ የገለባ ጫማውን ገመድ መፍታት አቅቶት፣ በመጨረሻ በጠሰው። ፊቱ ኖራ መስሏል፤ ገና ከመጋባታቸው በፊት ጀምሮ ይህን ሰው በሕልሙ ሲፈራው የኖረ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ በበሩ ገባ።

«ውጪና አጥቢ» አለ።

ቶሜ አየችው። በአጠገቡ አልፋ ወጣች። እሷ በወጣችበት ቦታ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ከግድግዳ፣ ጉልበቱን በክንዱ አቅፎ። ኢሳኩ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ እየተሳበ ወደ ጥግ ሄዶ፣ ንፋስ የማይገባበትን ግማሽ ምንጣፍ ለቀቀለት።

ሙራኪ ቆጠረ። የሚቆጠር ነገር አልነበረውም፤ ግን ቆጠረ። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ወረደች። ቦቱን መልሶ አጠለቀ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ ወረቀቱን ግን ሳያጥፍ በእጁ ያዘው።

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አለ ቶሜን። «ከነገ ወዲያም። ለአለቃዬ መዋሸት አልችልም፤ ያየሁትን እጽፋለሁ። የእርሻ ሥራ አለባችሁ፣ ልጅ አለባችሁ፣ ክረምት ይመጣል፣ ትታመማላችሁ፣ ትጣላላችሁ። መጥቼ አንድ ሰው ብቻ የማገኝበት ቀን አለ።»

ቶሜ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ኪዮ ጡቷን ይዛ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች ነበር። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ከነገ ጀምሮ ቀኑ ስንት ቦታ እንደሚቆረስ፣ ሳዋ ምን እንደሚሉ፣ ባሏ ስንት ሌሊት እንደሚችል አሁንም ታስባለች፤ ከነገ ወዲያ ምን እንደሚሆን አታውቅም።

«ይኖራል» አለች። «ያን ቀን ቆልፍ።»

ዮሺዞ ከመሰላሉ ወርዶ መሣሪያውን በጨርቅ እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል፣ «ጠዋቱን እኔ መጥቼ እቀመጣለሁ። በጊዜ ነው የምነቃው» አለ።

ፖሊሱ እያነከሰ ወደ በሩ ወረደ። ከምሰሶዎቹ ጀርባ፣ ከጨለመው ውስጥ፣ የታኬጂ ድምፅ ተሰማ።

«እማዬ፣ እራት የለም እንዴ? ሁለት ሳህን።»